የኒርስ 3 ጉዳይ፦ የአንድ ወጣት ግዙፍ ኮከብ ድንገተኛ ድምቀት መንስኤ እንዴት ተለየ?

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ገና በመወለድ ላይ ያሉ ግዙፍ ከዋክብት በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲታዩ ድምቀታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። በቺሊ የተተከለው ቪስታ ቴሌስኮፕ የጋላክሲያችንን መሐል ለዓመታት ደጋግሞ ባነሳቸው ምስሎች ላይ እንደታየው፣ አንዳንዶቹ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ከአንድ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ ሲሆን አንዱ 2.5 እጥፍ ያህል ነው) በላይ ይደምቃሉ ወይም ይደበዝዛሉ። ለውጡን ማግኘት ዛሬ የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። የሚያስቸግረው ለውጡ ከኮከቡ ከራሱ፣ በፊቱ ከሚያልፈው አቧራ ወይም ኮከቡ ከሚወስደው ቁስ የመጣ መሆኑን መለየት ነው፤ በአንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ለሚመለከት ሰው ሦስቱም ተመሳሳይ የድምቀት ኩርባ ሊያሳዩ ይችላሉና።

እዚህ የሚቀርበው ኤስ255አይአር ኒርስ 3 የተባለው ኮከብ (ከዚህ በኋላ ኒርስ 3) ከ2015 ጀምሮ ያሳየው የድምቀት ንረት ነው። ጉዳዩ የተመረጠው በቂ መረጃ ስላለው ብቻ አይደለም። መንስኤውን ለማወቅ የተኬደበት መንገድ፣ እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ቢወሰድ ወደ የት ሊያሳስት ይችል እንደነበር በግልጽ ስለሚያሳይ ጭምር ነው። ሥራው በብዙ አገሮች የሚገኙ ቡድኖች የጋራ ውጤት በመሆኑ የተመራማሪዎቹ ስም አልተጠቀሰም። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ «ተከሰተ» ሲባልም የክስተቱ ብርሃን ወደ ምድር የደረሰበትን ጊዜ ያመለክታል።

## ዳራ

ኒርስ 3 ከእኛ 1.78 ኪሎፓርሴክ፣ ማለትም ወደ 5,800 የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል። ርቀቱ የተለካው በዚያው አካባቢ ያሉ የውሃ ሜዘሮች (የተጠናከረ የማይክሮዌቭ ጨረር የሚያወጡ ነጥቦች) ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር በሰማይ ላይ የሚያሳዩትን ጥቃቅን የቦታ ለውጥ በመከታተል ነው። ኮከቡ ያለው ኤስ255 እና ኤስ257 በተባሉ ሁለት የሚያበሩ የሃይድሮጅን ደመናዎች መካከል በተኛ ጥቅጥቅ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ ሲሆን፣ ሥፍራው በኦሪዮንና በጀሚኒ ኅብረ ከዋክብት ድንበር አካባቢ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ሌሊት ላይ ይህ የሰማይ ክፍል ከአዲስ አበባ አናት በላይ ተጠግቶ ያልፋል። ይሁንና አቧራው በዓይን የሚታየውን ብርሃን ስለሚጋርደው ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የሚገኝ ነገር የለም።

የኮከቡ መጠነ ቁስ የፀሐይን 20 እጥፍ ያህል ነው። ከንረቱ በፊት በጠቅላላው ያወጣ የነበረው ብርሃን ደግሞ የፀሐይን 29,000 እጥፍ ያህል ነበር። በዙሪያው የሚሽከረከር የጋዝና የአቧራ መዋቅር እንዳለው፣ ከመዋቅሩም በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች የጋዝ ጅረት እንደሚወረወር ቀደም ሲል በተደረጉ የሬዲዮ ምልከታዎች ታውቋል። ጅረቱ በአቧራው ውስጥ ሁለት ዋሻ መሰል ክፍተቶችን ቦርቡሯል። ክፍተቶቹ ለዚህ ጉዳይ ወሳኝ ሆነዋል፤ በቅርብ ኢንፍራሬድ (ሞገዱ በዓይን ከሚታየው ብርሃን ጥቂት በሚረዝመው) የሚታየን አብዛኛው ብርሃን ከኮከቡ በቀጥታ የሚመጣ ሳይሆን በክፍተቶቹ ግድግዳ ላይ አርፎ ወደ እኛ የሚበተን ነው።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። ከኒርስ 3 በ2.4 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ርቀት ላይ ብቻ ኒርስ 1 የተባለ ሌላ ወጣት ኮከብ አለ። ጥራታቸው ዝቅተኛ በሆነ ምስሎች ሁለቱ አንድ ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ ስለዚህ «አካባቢው ደመቀ» ማለትና «ኒርስ 3 ደመቀ» ማለት አንድ አይደለም።

በንድፈ ሐሳብ በኩል የነበረው ጥያቄ የቆየ ነው። የፀሐይን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ መጠነ ቁስ ያላቸው ወጣት ከዋክብት በዙሪያቸው ካለው ዲስክ (ጠፍጣፋ የሚሽከረከር የጋዝና የአቧራ መዋቅር) ቁስን የሚወስዱት በእኩል ፍጥነት ሳይሆን አልፎ አልፎ በሚመጣ ንረት ጭምር መሆኑ፣ በ1936 በደመቀው ኤፍዩ ኦሪዮኒስ እና ደጋግሞ በሚደምቀው ኢኤክስ ሉፒ ምሳሌነት ይታወቃል። ግዙፎቹ ግን የራሳቸው ብርሃን የሚወርደውን ጋዝ ወደ ውጭ ለመግፋት የሚያስችል ኃይል ስላለው፣ በዚሁ መንገድ ያድጋሉ ወይ የሚለው ሲያከራክር ቆይቷል። በኮምፒዩተር የተሠሩ ሞዴሎች ዲስኩ ተቆራርሶ ቁርጥራጮቹ ወደ ኮከቡ ሲወድቁ ንረት እንደሚፈጠር ያሳዩ ነበር። የጎደለው በሰማይ ላይ በእርግጠኝነት የታየ ምሳሌ ነበር።

## ችግሩ

የመጀመሪያው ማንቂያ የመጣው ከኢንፍራሬድ አልነበረም። በኅዳር 2015 በጃፓን የሚገኙ የሬዲዮ ታዛቢዎች ከኤስ255 የሚመጣው የሜታኖል ሜዘር በ6.7 ጊጋኸርዝ ላይ በከፍተኛ ደረጃ መጨመሩን ይፋ አደረጉ። ሜዘር እንደ ሌዘር ያለ፣ ነገር ግን በማይክሮዌቭ ሞገድ ላይ የሚፈጠር የተጠናከረ ጨረር ነው። በዚህ ሞገድ ላይ የሚያበራው የሜታኖል ዓይነት ኃይሉን የሚያገኘው ሞቆ ካለ አቧራ ከሚወጣ የመካከለኛ ኢንፍራሬድ ጨረር ሲሆን፣ በግዙፍ ወጣት ከዋክብት አካባቢ እንጂ በሌላ ቦታ አይገኝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሜዘሩ ከጨመረ አቧራውን ያሞቀው ነገር ሊኖር ይገባል።

«ሊኖር ይገባል» ግን ማስረጃ አይደለም። ሜዘሮች በራሳቸው ተለዋዋጭ ናቸው፤ በእኛና በምንጩ መካከል በአንድ መስመር ላይ የተደረደረው ጋዝ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ብቻ የጨረሩ ጥንካሬ ሊጨምር ይችላል። ማንቂያው በኢንፍራሬድ ካልተደገፈ በስተቀር አንድ ተጨማሪ የሜዘር ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

ማንቂያው በተሰማ በዚያው ወር በስፔን ካላር አልቶ በሚገኘው ባለ 2.2 ሜትር ቴሌስኮፕ አካባቢው በቅርብ ኢንፍራሬድ ፎቶ ተነሣ። አዲሱ ምስል በ2009 በዩኪድስ ቅኝት ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር፣ ኒርስ 3 በኤች ባንድ (1.65 ማይክሮሜትር አካባቢ) በ3.5 ማግኒቲዩድ፣ በኬ ባንድ (2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ) በ2.5 ማግኒቲዩድ ደምቆ ተገኘ። በእጥፍ ሲሰላ ወደ 25 እና 10 ጊዜ መሆኑ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በምስሉ ላይ ተለያይተው ስለሚታዩ የደመቀው የትኛው እንደሆነ ጥያቄ አልቀረም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ኮከቡ በአጭሩ ሞገድ ላይ ከረጅሙ የበለጠ ደምቋል። የሁለቱ ለውጦች ንጽጽር 1.4 ሲሆን፣ በከዋክብት መካከል ያለው አቧራ በኤች ባንድ ላይ የሚጋርደው በኬ ባንድ ከሚጋርደው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ቁጥሮቹ በማያስደስት ሁኔታ ተቀራራቢ ናቸው። በኮከቡ ፊት የነበረ የአቧራ መጋረጃ ገለል ቢል ኖሮ ሊታይ የሚችለው የቀለም ለውጥ ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር ማለት ነው። በእኔ ግምት የጉዳዩ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ ከቅርብ ኢንፍራሬድ ድምቀትና ቀለም ብቻ ተነሥቶ «ኮከቡ ቁስ እየወሰደ ነው» ብሎ የደመደመ ሰው ድምዳሜው ትክክል ቢሆን እንኳ ማስረጃው ጎዶሎ ይሆን ነበር።

ቀጣዩ እርምጃ የብርሃኑን ገደል ማሚቶ መከታተል ነበር። በንረቱ የተለቀቀው ብርሃን ከኮከቡ ወጥቶ በክፍተቶቹ ግድግዳ ላይ እያረፈ ሲሄድ፣ የደመቀው ክፍል በተከታታይ ምስሎች ላይ ከኮከቡ እየራቀ ይታያል። በ1.78 ኪሎፓርሴክ ርቀት አንድ አርክሰከንድ 1,780 የምድር-ፀሐይ ርቀት ያህል ነው፤ ብርሃን ይህን ለማቋረጥ 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ጅረቱ ወደ እኛ ወይም ከእኛ ምን ያህል እንዳዘነበለ ታሳቢ ተደርጎ የማሚቶው ጉዞ ወደ ኋላ ሲሰላ፣ ንረቱ የጀመረው በሰኔ 2015 አጋማሽ ሆኖ ተገኘ። ማንም ሳያየው ወራት አልፈውታል።

ለምን አልታየም የሚለው መልስ ቀላል ነው። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ከዚሁ የሰማይ ክፍል በ10 ዲግሪ ገደማ ርቀት ላይ ትሆናለች። ኮከቡ ከፀሐይ ጋር ወጥቶ ከፀሐይ ጋር በሚጠልቅበት ወቅት የትኛውም በምድር ላይ ያለ የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ወደዚያ መዞር አይችልም። ማሚቶው ባይኖር ኖሮ የንረቱ መነሻ ቀን ምናልባት ለዘለዓለም ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ የስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑን በየሞገዱ ከፋፍሎ የማየት ሥራ ተከተለ። በሃዋይ የሚገኘው ጀሚኒ ሰሜን ቴሌስኮፕና በቺሊ የሚገኘው ግዙፉ የአውሮፓ ቴሌስኮፕ በኬ ባንድ የወሰዱት ስፔክትረም ከንረቱ በፊት ከተወሰደው ጋር ተመሳከረ። የሃይድሮጅን፣ የሶዲየምና የካርቦን ሞኖክሳይድ የጨረር መስመሮች እጅግ ጎልተው ታዩ። በ2.3 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚገኙት የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመሮች የሚወጡት በሺዎች ዲግሪ ከሞቀ ጥቅጥቅ ጋዝ፣ ማለትም ከዲስኩ ውስጠኛ ክፍል ነው። ይኸው የመስመሮች ስብስብ ኢኤክስ ሉፒን በመሰሉ ትናንሽ ከዋክብት ንረት ጊዜ የሚታየው ነው። መጋረጃ መነሣቱ ብቻ በዲስኩ ውስጥ ያለውን ጋዝ ሊያሞቅ አይችልም።

የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ግን ሩቅ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ሞገዱ እጅግ የረዘመው ኢንፍራሬድ ነው። በየካቲት 2016 ሶፊያ የተባለው፣ በቦይንግ 747 አውሮፕላን ላይ የተገጠመው ቴሌስኮፕ አካባቢውን ተመለከተ። ሩቅ ኢንፍራሬድ በአየር ውስጥ ያለ የውሃ ተን መጦ ስለሚያስቀረው ከምድር ገጽ ሊታይ አይችልም፤ አውሮፕላኑ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲበር ከተኑ አብዛኛው ከበታቹ ይቀራል። የሄርሼል ጠፈር ቴሌስኮፕ ማቀዝቀዣው በ2013 አልቆ ሥራ ስላቆመ በወቅቱ ይህን ለመሥራት የሚችል ሌላ መሣሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ውጤቱ ጠቅላላው ብርሃን ከፀሐይ 29,000 እጥፍ ወደ 160,000 እጥፍ ማደጉን አሳየ።

ይህ ልኬት ወሳኝ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። በጭስ በተሞላ ማዕድ ቤት ውስጥ ያለ መብራት በበሩ ስንጥቅ በኩል ሲታይ ጭሱ ሳሳ ሲል ይደምቃል፤ የክፍሉ ሙቀት ግን በዚህ አይለወጥም። አቧራም የኮከቡን ብርሃን ውጦ በሩቅ ኢንፍራሬድ መልሶ ስለሚያወጣው፣ በዚያ ሞገድ የሚለካው የኮከቡን ጠቅላላ ኃይል ነው። ከአምስት እጥፍ በላይ የጨመረ ኃይል የአቧራ መገለጥ ውጤት ሊሆን አይችልም።

ከልኬቱ በመነሣት በንረቱ ጊዜ ወደ ኮከቡ ይወርድ የነበረው ቁስ በዓመት ከፀሐይ መጠነ ቁስ ከሺህ አምስት እጅ ያህል እንደሆነ ተሰላ። በክትትሉ የመጀመሪያ ወራት የተለቀቀው ተጨማሪ ጉልበት ፀሐያችን በ100,000 ዓመት ውስጥ ከምታወጣው ጋር የሚስተካከል ሲሆን፣ የተዋጠው ቁስ በጁፒተር ሁለት እጥፍ ይገመታል።

ሬዲዮው ከዚያ በኋላም አልተተወም። በኢንተርፌሮሜትር (የብዙ ሳህኖችን ምልከታ አጣምሮ ጥርት ያለ ምስል በሚሰጥ መሣሪያ) የተወሰዱ ምስሎች ሜዘሩ እንዲሁ ያለበት ቦታ ሆኖ እንዳልጠነከረ አሳዩ፤ ከንረቱ በፊት ከኮከቡ አጠገብ የነበረው ቀንሶ፣ ከኮከቡ ራቅ ባለና ሰፋ ባለ አካባቢ አዳዲስ የሜዘር ነጥቦች ተፈጥረው ነበር። ሙቀቱ ወደ ውጭ መስፋፋቱን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም። የጋዝ ጅረቱ የሬዲዮ ጨረር ደግሞ መጨመር የጀመረው በሐምሌ 2016፣ ንረቱ ከጀመረ ከ13 ወር ገደማ በኋላ ነው። ኮከቡ ከወሰደው ቁስ ከፊሉን መልሶ ወደ ውጭ እንደሚወረውር በንድፈ ሐሳብ የሚጠበቅ ነበር። እዚህ ግን መውሰዱና መወርወሩ በጊዜ ቅደም ተከተል ተመዝግበው ታዩ።

## የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው የሜዘሩ ማንቂያና የቆየ የምስል ማህደር መገናኘታቸው ነው። የ2009ኙ የዩኪድስ ምስል የተነሣው ለዚህ ዓላማ አልነበረም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ የኅዳሩ ምስል «ደማቅ ኮከብ አለ» ከማለት አያልፍም ነበር። የቆየው ስፔክትረምም እንደዚሁ ነው። ስፔክትረሙን በተበተነ ብርሃን በኩል ማየትም ሌላ ጥቅም ሰጥቷል፤ የክፍተቱ ግድግዳ ከእኛ በተለየ አቅጣጫ ኮከቡን ስለሚያየው፣ ወደ እኛ በቀጥታ የማይደርሰውን የዲስኩን ብርሃን በመስታወት እንደሚታይ ያህል አድርሶልናል።

በጃፓን ሂሮሺማ በሚገኘው ካናታ ቴሌስኮፕ ለአራት ዓመት የተደረገው የኬ ባንድ ክትትልም ልዩ ዋጋ አለው። መስታወቱ 1.5 ሜትር ብቻ ነው፤ ቁም ነገሩ መሣሪያው አለመሰልቸቱ ነው። ኩርባው በፍጥነት ወጥቶ ከንረቱ በፊት ከነበረው በ3.4 ማግኒቲዩድ ደምቆ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ መደብዘዙን ያሳያል። የሜዘሩ ጫፍ ከኬ ባንዱ ጫፍ ከ30 እስከ 50 ቀን ቀድሞ መታየቱም የታወቀው በዚሁ ክትትል ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ቢነሡም ኃይሉ ወደ ሜዘሩና ወደ ተበተነው ብርሃን የሚደርስበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ልዩነቱ የሚያስገርም አይደለም።

ያልሠራው ደግሞ በአብዛኛው ከንረቱ በፊት ያልተሠራው ነው። የመውጫው ኩርባ በኢንፍራሬድ በቀጥታ አልተመዘገበም፤ መነሻው ከማሚቶ የተሰላ ነው፣ ስሌቱም በጅረቱ ዝንባሌ ግምት ላይ ይመረኮዛል። ከንረቱ በፊት የነበረው ጠቅላላ ብርሃን የተገኘው ኒርስ 3ን ከጎረቤቶቹ መለየት ከማይችሉ የቆዩ ልኬቶች ጭምር ነው፤ ስለዚህ የጭማሪው እጥፍ የመነሻውን ቁጥር ድክመት ይወርሳል። የሜዘሩን ጠቅላላ ጥንካሬ ብቻ የሚለኩ ነጠላ የሬዲዮ ሳህኖችም፣ አሮጌው የሜዘር ቦታ ቀንሶ አዲሱ መጨመሩን ብቻቸውን ሊያሳዩ አይችሉም ነበር።

ከዲስኩ የወረደው ነገር ምን እንደነበር፣ አንድ ቁርጥራጭ ይሁን ወይም በዲስኩ ውስጥ የተፈጠረ አለመረጋጋት፣ ከእነዚህ ምልከታዎች አንዱም በቀጥታ አያሳይም። የሁለት ጁፒተር ቁስ የሚለው ግምት ምን ያህል እንደወረደ እንጂ በምን መልክ እንደወረደ አይናገርም።

## ወደ ሌሎች ጉዳዮች የሚሻገረው

የኒርስ 3 መንገድ እንደ መመሪያ ተወስዶ በሌሎች ላይ ቢሠራበት በቀላሉ ያሳስታል። በዚያው 2015፣ በደቡብ አፍሪካ ሃርትቤስትሁክ የሚገኘው ባለ 26 ሜትር የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ኤንጂሲ 6334አይ በተባለው የከዋክብት መወለጃ ውስጥ የሜዘሮችን መጠናከር መዝግቦ ነበር። ያኛው ምንጭ በአቧራ በጣም የተሸፈነ ስለሆነ በቅርብ ኢንፍራሬድ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ንረቱ የተገለጠው በሚሊሜትር ሞገድ የአቧራው ድምቀት ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ሲሆን፣ የጠቅላላ ብርሃኑ ጭማሪ ወደ 70 እጥፍ ተገምቷል። በ2019 ደግሞ ጂ358.93 በተባለው ምንጭ ላይ ሜዘሩ ሲነሣ በቅርብ ኢንፍራሬድም በሚሊሜትርም ለውጥ አልታየም፤ ያረጋገጠው ሩቅ ኢንፍራሬድ ብቻ፣ እርሱም ሶፊያ ነበር። ሦስት ንረቶች በሦስት የተለያዩ መስኮቶች ታዩ ማለት ነው። በቅርብ ኢንፍራሬድ ቅኝት ብቻ የሚቆጠሩ ንረቶች ክፍተታቸው ወደ እኛ በመጠኑ የዞረላቸውን ከዋክብት ያበዛሉ፤ ሌሎቹ ከቆጠራው ይወድቃሉ። ከእንዲህ ያለ ቆጠራ ተነሥቶ «ግዙፍ ከዋክብት ይህን ያህል ጊዜ ይንራሉ» ማለት ትልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የመጋረጃ ጥያቄ ደግሞ በየጊዜው መነሣት ያለበት ነው። የተለዋዋጭ ኮከብ ማህደር ይዞ የሚሠራ ተማሪ የቀለም ለውጡን ከአቧራ ንጽጽር ጋር ማስላት ይችላል፤ የሚጠይቀው ሁለት ባንድና አንድ ማካፈል ነው። ንጽጽሩ ከአቧራው ከራቀ ጥሩ ፍንጭ ነው። ከቀረበ ግን ስፔክትረም ወይም የጠቅላላ ኃይል ልኬት እስኪገኝ ድረስ ሁለቱንም መንስኤዎች ክፍት አድርጎ መያዝ ይገባል። የተበተነ ብርሃን በሚበዛበት ቦታ ስሌቱ ይበልጥ እንደሚወሳሰብም መታወቅ አለበት።

የሜዘር ክትትሉ ከኒርስ 3 በኋላ በብዙ አገሮች የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ትብብር ተደራጅቷል፤ የጂ358.93 ማንቂያ በፍጥነት የተሰራጨውም በዚህ ምክንያት ነው። የሬዲዮ ሳህን በቀንም ስለሚሠራ በየሰኔው የሚፈጠረውን የፀሐይ ክፍተት በከፊል ይሸፍናል። በኢንፍራሬድ በኩል ግን መሣሪያው ሳስቷል፤ ሶፊያ በመስከረም 2022 ሥራውን አቁሟል፣ መላውን ሰማይ በየስድስት ወሩ በ3.4 እና በ4.6 ማይክሮሜትር ሲቃኝ የነበረው ኒዮዋይዝ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም በ2024 ተዘግቷል። የሚቀጥለው የሜታኖል ማንቂያ እንደ ጂ358.93 ባለ የተሸፈነ ምንጭ ላይ ቢመጣ፣ ጠቅላላ ኃይሉን በሩቅ ኢንፍራሬድ ለመለካት ሶፊያን የሚተካ ቴሌስኮፕ በሥራ ላይ የለም።